ወንድሜ የፈለገው ጉብታ

ወንድሜ በሞተ በሦስተኛው ቀን ከለቅሶ ቤት ተነስቼ ወጣሁ። ይህን እስከ ዛሬ የሚያነሱብኝ አሉ። ለምን እንደ ወጣሁ የሚጠይቀኝ ግን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ራሴ ልጻፈው። መጻፍ አልለመድኩም። ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው ወደዚህ የመጣሁት፤ ከዚያ ወዲህ ከሥራ ማመልከቻ በቀር ጽፌ አላውቅም። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ካልኩ ወይም መሀል ላይ ካቆምኩ በዚህ ምክንያት ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ዲሴምበር መጨረሻ፣ ፈረንጆቹ ለገናቸው ወደየቤተሰባቸው የሄዱበት ሳምንት። እኔና ወንድሜ ሚኒያፖሊስ አንድ አፓርታማ ውስጥ አብረን እንኖር ነበር። እኔ ኤርፖርት ፓርኪንግ እሠራለሁ። እሱ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ነበር፤ ዶክትሬቱን ለመጨረስ አንድ ሥራ ብቻ ቀርቶት ነበር። በልጅነቱ ጉሮሮውን ታሞ፣ በጊዜው ሳይታከም ቀርቶ፣ በሽታው ልቡ ውስጥ ገብቶ ቫልቩን አበላሽቶበታል። ይህን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። እዚህ ከመጣ በኋላ አንዴ ኦፕሬሽን ተደርጎለታል። ለሁለተኛው ቀጠሮ ይዞ ነበር። ቀጠሮው ሳይደርስ አንድ ጠዋት ካልሲ እያጠለቀ አልጋው ጫፍ ላይ ቀረ። አንደኛውን እግሩን አጥልቆ ነበር።

አክስታችን ግን የልቡን ነገር አልተቀበለችም። ለቅሶው የተቀመጠው እሷ ቤት ነው፣ ዌስት ሴንት ፖል። ሰው በገባ ቁጥር "ያ መኪና ነው የበላው፣ ጨረሩ ነው" ትላለች። መኪና የምትለው ዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ያለውን፣ ወንድሜ የሚሠራበትን የቅንጣት ማፋጠኛ ማሽን ነው። መጀመሪያ ላይ አስረዳኋት። ኋላ ግን ተውኳት። ስትደጋግመው ግን ውስጤ ይቃጠል ነበር። ወንድሜ በሕይወቱ የወደደው ነገር ገዳዩ ተብሎ ሲወራ መስማት፣ እንዴት ልበል፣ ሁለተኛ ሞት ሆነብኝ።

የሚሠራውን እሱ ለእኔ በመኪናችን ነው ያስረዳኝ። አሮጌ መኪና ነበረችን። ሃይዌይ ላይ አምሳ አምስት ማይል ስትደርስ የጓንት ሳጥኑ ክዳን መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አምሳ ላይ ዝም ነው። ስድሳ ላይም ዝም ነው። አምሳ አምስት ላይ ብቻ ጥርሷን ታፋጫለች። አንድ ቀን እኔ ድራይቭ ሳደርግ፣ "ይኸው ሬዞናንስ" አለኝ። "እኔም የምፈልገው ይህንን ነው። ፕሮቶኖችን አፋጥኜ ስስ የካርቦን ፎይል ላይ እወረውራለሁ። አብዛኞቹ ዝም ብለው ያልፋሉ። ጥቂቶቹ ኒውክለሱን ነክተው ወደ ጎን ይነጥራሉ፣ የነጠሩትን ቆጣሪ ይቆጥራቸዋል። ከዚያ ፍጥነቱን በትንሽ በትንሹ እጨምራለሁ። በሆነ ቦታ ላይ ፕሮቶኑና ኒውክለሱ ለቅጽበት ይያያዛሉ። ያኔ ቁጥሩ ድንገት ይዘላል፣ ወይም ይወርዳል።"

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያማ ውስጡ ምን እንደሚመስል ትንሽ ታውቃለህ። ክዳኑን ሳትከፍት።"

የካርቦን ትልልቅ ሬዞናንሶች ከድሮ ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ወንድሜ የፈለገው ትንሽ ነበር። ወደ አንዱ ትልቅ ሬዞናንስ ሲቃረቡ ቁጥሩ እንደ ተራራ ጎን ቀስ እያለ ይወጣል። እዚያ ዳገት ላይ አንዲት ጠባብ ጉብታ ተደብቃ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ቀደም ሲል የለኩት ሰዎች በሰፊ እርምጃ ስለ ተራመዱ ዘለዋት ይሆናል። ፕሮፌሰሩ እምብዛም አላመኑበትም። ግን ማሽኑ አርጅቶ ሊዘጋ ስለ ነበር የመጨረሻዎቹን ቀናት ሰጡት። ወንድሜ የዳገቱን ግማሽ ለካ። ግማሹ ቀረ።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን አብራው የምትሠራው ልጅ መጣች። እንደ እሱ ተማሪ ናት፣ የሚኒሶታ የገበሬ ልጅ። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ ማን እንደ ነገራት አላውቅም። እጇ ላይ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዛለች። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ፈረንጆቹ እንዲህ ዓይነት በኦቭን የበሰለ ምግብ ይዘው ይመጣሉ።

አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጠይቃት፣ አሳማ አለበት?" አለችኝ።

ጠየቅኳት። ልጅቷ ፊቷ ቀላ። "የለበትም፣ ቱና ነው። ቱናና ፓስታ፣ በእንጉዳይ ክሬም ሾርባ። እሱ የሚበላውንና የማይበላውን ነግሮኝ ያውቃል" አለች።

ይህንን ስተረጉም ጥግ የተቀመጠው የአጎቴ ልጅ፣ ታክሲ የሚነዳው፣ "ቱና በክሬም? ሴትዮዋ በለቅሶ ላይ ለቅሶ ልትደግምልን ነው እንዴ" አለ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ኋላ ግን ሁለት ሳህን የበላው እሱ ነው።

ልጅቷ ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ አላወራችም። ስትነሳ ግን፣ "ነገ የመጨረሻው ቀን ነበር። ቀርቷል፤ ፕሮፌሰሩ ደውለው ሰርዘውታል" አለችኝ። ማሽኑ ሲሠራ ምንጊዜም ሁለት ሰው መቀመጥ አለበት፤ የደኅንነት ሕግ ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ ለበዓል ሄደዋል። ፕሮፌሰሩም ከከተማ ውጪ ናቸው። እሷ ብቻዋን ናት።

"ከነገ በኋላስ?" አልኳት።

"ከነገ በኋላ ያጠፉታል። ይፈታታል።"

እኔ የመግቢያ ባጁ ነበረኝ። ወንድሜ እሑድ እሑድ ሁለተኛ ሰው ሲያጣ እኔን ይዞኝ ይሄድ ነበር። አጭሩን የደኅንነት ትምህርት አስወስዶኝ፣ ፈተናውንም አስፈትኖኝ፣ ስሜን አስመዝግቦ ነበር። ሥራዬ ተቀምጦ ቁጥር መጻፍና እሱ ሲሰለች ማሳቅ ነበር።

"ስንት ሰዓት ላይ ልምጣ?" አልኳት።

ልጅቷ ደነገጠች። "ልጠይቅህ አልመጣሁም" አለች።

"አውቃለሁ። ስንት ሰዓት?"

ነገሩን ያሰማሁት እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ለቅሶውን የሚመሩት ሐጂ ነበሩ። ክሪስታል በሚባለው ሰፈር ሱቅ አላቸው፤ የወሎ ሰው በሙሉ በነገር ሁሉ የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ።

"ነገ ሦስተኛው ነው፣ ልጄ። ሰደቃው አለ፣ ዱዓው አለ። ከአፕል ቫሊ ይመጣሉ፣ ከሮቸስተር ሳይቀር ይመጣሉ። ማንን ነው አላህ ያጽናህ የሚሉት?"

"አክስቴን ይበሏት።"

"የሚቀመጠው ወንድ ነው።"

"እርስዎ አሉ፣ ሐጂ።"

የአጎቴ ልጅ ጣልቃ ገባ። "አንተ ልጅ፣ የሞተ ሰው ሺፍት የለውም።"

"እሱ አለው" አልኩት። "ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ።"

አክስቴ ማልቀስ ጀመረች። "እሱን የበላው ሳይበቃ አንተንም ሊበላህ" አለች። አባብያት ዝም ማሰኘት እችል ነበር። አላባበልኳትም።

ሐጂ ግን አልተቆጡም። ረጋ ብለው፣ "ይህ የሚለካው ነገር ሰው ይጠቅማል?" አሉኝ።

"አላውቅም።"

"ታዲያ?"

"ግማሽ ላይ ቀርቷል።"

መቁጠሪያቸውን አነሱና፣ "እንግዲህ የማትቀር ከሆነ፣ ያገኘውን ይዘህ ና። ማታ ዱዓው ላይ ለሰው እንናገርለታለን። አገር ቤት ያለችው እናታችሁም ስትሰማ ትጽናናለች። ልጄ ባዶ እጁን አልሞተም ትላለች" አሉ።

ይህ ቃላቸው መልካም ነበር። ግን ከተቃወሙኝ ሁሉ ይበልጥ የከበደኝ እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ መለካት ብቻ ነበር የፈለግኩት። ከዚያ በኋላ ግን ጉብታዋን ፈለግኩ።

ጠዋት ሮበርት ስትሪትን ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ። ብርዱ የአፍንጫ ፀጉር የሚያደርቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ባዶ ነው፤ በረዶው ላይ የእሷ ጫማ ብቻ አልፎበታል። ምድር ቤት ወረድኩ። የመቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ የወንድሜ ሹራብ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። አላነሳችውም። እኔም አላነሳሁትም፤ ሌላ ወንበር ሳብኩ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ካላወቃችሁት የሆነው ነገር አይገባችሁም። ፕሮቶኖቹ ተፋጥነው ከወጡ በኋላ በትልቅ ማግኔት መሀል ያልፋሉ። ማግኔቱ ያጥፋቸዋል፤ የሚፈለገው ጉልበት ያላቸው ብቻ መታጠፊያውን ጨርሰው ካርቦኑ ጋ ይደርሳሉ። ስለዚህ ጉልበቱን የሚወስነው የማግኔቱ ማዞሪያ ነው። ማዞሪያው የሚያሳየው ግን ወደ ማግኔቱ የገባውን ኤሌክትሪክ ነው። ብረቱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ቀድሞ የነበረበትን ቶሎ አይለቅም። ከታች ወደ ላይ ወጥተህ አንድ ቁጥር ላይ ብትቆም አንድ ነገር ነው። አልፈኸው ሄደህ ወደዚያው ቁጥር ብትመለስ ሌላ ነገር ነው። ማሳያው ያው ነው፣ ብረቱ ግን ያው አይደለም፤ ጉልበቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ምንጊዜም ወደ ላይ ብቻ ነው የሚኬደው። ካለፍክ አትመለስም። ማግኔቱን እስከ ታች አውርደህ እንደገና ትወጣለህ። ወንድሜ በዚህ ቀልድ አያውቅም። አንድ እሑድ በፀጉር ስፋት አሳልፎ፣ እኔ "ማን ያየዋል" ብለውም እስከ ታች አወረደው። ያን ቀን ምሳ አልበላንም።

ጀመርን። እሷ ታዞራለች፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ እኔ ቁጥሩን እጽፍና በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ላይ። እንደገና። ነጥቦቹ ወንድሜ ካቆመበት ተነስተው ዳገቱን ይወጣሉ፣ አንዷ ከሌላዋ ትንሽ ከፍ እያለች። ምንም የለም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ምንም የለም። ልጅቷ ከቦርሳዋ ሳንድዊች አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ። ስለ እሱ አላወራንም። አንዴ ብቻ፣ "ሁልጊዜ ለራሱ ያፏጭ ነበር" አለች። "ዜማ አያውቅም" አልኳት። "በፍጹም" አለች።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ፕሮፌሰሩ ናቸው። የመጣሁት እኔ መሆኔን ሰምተው ሐዘናቸውን ሊነግሩኝ ፈልገዋል። እሷ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ እያወራች በሌላ እጇ ቀጣዩን እርምጃ አዞረች። ከዚያ ለእኔ አቀበለችኝ። ፕሮፌሰሩ ጥሩ ቃል ተናገሩኝ። አመሰገንኩና ዘጋሁ።

ያ ቁጥር ሲመጣ ጽፌ ነጥቡን አደረግኩ። ነጥቡ ከዳገቱ መስመር በላይ ወጣ።

ቀጣዩን ጠበቅን። እሱም ከመስመሩ በላይ ነው። ቀጣዩ ወደ መስመሩ ተመለሰ።

ልጅቷ ከወንበሯ ተነስታ ወረቀቱ ላይ ጎነበሰች። "እዚህ ነው ያለው። እዚሁ አካባቢ ነው ያለው" አለች። እኔም ማየቴን አላቆምኩም። እርሳስ በያዘ እጄ የተሠሩ ሁለት ነጥቦች ናቸው። ወንድሜ ሦስት ዓመት ያወራላቸው ሁለት ነጥቦች። ሐጂ ሲናገሩ ታየኝ። እናቴ ስልኩን ይዛ ታየችኝ። አክስቴም አፏን ስትዘጋ ታየኝ፤ አልዋሽም፣ ይህ ደስ አለኝ።

ልጅቷ ግን ቀስ ብላ ተቀመጠች። ማዞሪያውን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ስልኩን ስይዝ" አለች። "አሳልፌው ነበር? እኔ እጄን አላየሁም። አንተ ታየኝ ነበር።"

አዎ አየኋት ነበር። ቁጥሩን አልፋ ሄዳ፣ በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ስትመልሰው አይቻለሁ። ባየሁ ጊዜ ስልኩን እየተቀበልኩ ስለ ነበር አላሰብኩበትም። አሁን አሰብኩበት።

አላለፍሽም ማለት ይበቃ ነበር። እሷ ታምነኛለች። ማሽኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ማሽን ላይ ማንም ሊያጣራው አይችልም። ወንድሜ ጉብታዋን ይዞ ይቀራል።

ያኔ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ቁጣ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ሰው ስንት ነገር ሊሰጠው ሞክሯል። አንዱ ዶክተር ይለዋል፣ ዶክተር ሳይሆን። ሌላው ሰማዕት ያደርገዋል፣ ማሽን ገደለው ብሎ። አሁን ደግሞ እኔ ጉብታ ልሰጠው ነው። የሰው ምጽዋት እንደሚያስፈልገው ድሃ። ወንድሜ በፀጉር ስፋት ላለፈው ምሳውን የተወ ሰው ነው። ምንም ነገር እንዲሰጡት አልፈልግም። እኔም አልሰጠውም።

"አልፈሽ ተመለስሽ" አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ማዞሪያውን ወደ ታች ታዞር ጀመር፣ እስከ መጨረሻው።

እንደገና ወጣን። በዚህኛው ዙር እጇንም ቁጥሩንም እያየሁ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። "ቀስ። ቀስ። ያዢ።" ጉብታዋ ወደታየችበት ደረስን። ቁጥሩ መጣ። ነጥቡን አደረግኩ። መስመሩ ላይ ነው። ቀጣዩም መስመሩ ላይ ነው። ለሁለቱም እንደገና ቆጠረች፣ ረዘም ላለ ጊዜ። መስመሩ ላይ።

ማሽኑን የሚያጠፋው ቴክኒሺያን ቁልፎቹን ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ሰዓቱን አየ፣ እኛን አየ። "ስንት ቀራችሁ?" አለ። "አራት ነጥብ" አለችው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ጠበቀን። አራቱንም ለካን። ሁሉም መስመሩን ተከትለው ዳገቱን ወጡ። ዳገቱ አለቀ።

ልጅቷ ያኔ አለቀሰች። ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ "ይህም ውጤት ነው" አለችኝ።

"ልታጽናኚኝ አትጀምሪ።"

"አላጽናናሁህም" አለች፣ ተቆጥታ። "እዚያ ቦታ ላይ ጉብታ የለም። ካለም እኛ ልናይ ከምንችለው ያነሰ ነው። ከዛሬ በፊት ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በስሙ ጽፌ አወጣዋለሁ። ፕሮፌሰሩ እምቢ ቢሉ እሟገታለሁ።"

የተቆጣችው ቁጣ ደስ አለኝ። ተጨባበጥን። ቴክኒሺያኑ ገብቶ ማሽኑን አጠፋ።

አክስቴ ቤት ስደርስ በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል፤ መርገጫ የለም። ሳሎኑ ሞልቷል። ቁርአኑ ተቀርቶ አልቋል። ሐጂ ሲያዩኝ እጃቸውን አነሱና ሰው ዝም አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቆሜ ቀረሁ፣ ካፖርቴ ላይ በረዶው ገና ሳይቀልጥ።

"እሺ ልጄ" አሉ ሐጂ። "ወንድምህ ምን አገኘ?"

"አላገኘም" አልኩ።

ከሴቶቹ በኩል አንድ ሰው "ውይ" አለ።

"አንድ ነገር እዚያ ይኖራል ብሎ ጠርጥሮ ነበር" አልኩ። "ግማሹን እሱ ለካ። ግማሹን ዛሬ ለካን። የለም። ዶክተርም አልነበረም፤ ሊሆን ነበር። የሞተውም በልቡ ነው። ዱዓ ስታደርጉለት እንደዚህ ብላችሁ አድርጉለት።"

ሐጂን ለሰው የሚናገሩት እንዳሳጣኋቸው ገባኝ። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም።

የአጎቴ ልጅ ግን አላስቻለውም። "ለዚህ ነው ሦስተኛውን ጥለህ የሄድከው? ለምንም?"

"አዎ" አልኩት። "ምንም እንደሌለ ትላንት አናውቅም ነበር።"

ሐጂ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሰው ሁሉ ዘረጋ። ስሙን ጠሩ፣ የአባቱንም ስም ጠሩ። ማዕረግ አልጨመሩም። አላህ ይማረው አሉ፣ ያለ ምንም ጭማሪ። ቤቱ "አሚን" አለ።

ካፖርቴን ሳላወልቅ መቀመጫ ፈለግኩ። ቦታ የለም። የአጎቴ ልጅ ሳያየኝ ወደ ግድግዳው ተጠጋና ጎኑ ላይ ትንሽ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። ትከሻችን ተነካካ።

ጥቂት ቆይቶ፣ "ነገስ ደግሞ የት ልትሄድ ነው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ሥራ" አልኩት።